አቤቱታ ላይ «ተሰወረ» ወይስ «ጠፋ»?

ጥያቄ፦ የራፖር ቤቱ ልጅ (ድሬዳዋ)
ሰላም ጀመዓ። ከዚራ ሰፈር አንድ ራፖር (አቤቱታ) ጸሐፊ ዘንድ ነው የምሠራው። ትናንት አንዲት እናት መጡ። ባላቸው «ጅቡቲ ደርሼ ልምጣ» ብሎ እንደወጣ ቀረ፤ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ስልኩም ዝግ ነው። ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲወስንላቸው ይፈልጋሉ። እሳቸው ሲያወሩ «እልም አለ» ነው የሚሉት። እኔ ለወጉ ብዬ «ባለቤቴ ተሰውሯል» ብዬ ጽፌ ሳነብላቸው ተቆጡ፦ «ምን ሰርቆ ነው የሚሰወረው?» ምን ልጻፍ? ነገ ጠዋት ይመጣሉ።

መልስ፦ መምህሩ ከሐረር
እናትየዋ እውነት አላቸው። «ተሰወረ» ሲባል ሰውየው አውቆ ከዓይን የራቀ ይመስላል፤ ተጠርጣሪ ሲሸሽ «ተሰወረ» የሚባለው ለዚህ ነው። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ደግሞ ማዕረግ ነው፤ ሄኖክና ኤልያስ ተሰወሩ እንጂ ሞቱ አይባልም። የባለጉዳይህ ባል ከሁለቱም ወገን አይደለም። ሥሩ መጋረድ ነው፦ «ከክፉ ይሰውርሽ»፣ «ዓይነ ስውር»፣ «ስሙ ተሰወረብኝ»።

መልስ፦ የደቻቱ ልጅ
አቦ «እልም አለ»ን አትናቀው! እያየኸው ርቆ ርቆ ድንገት ከዓይንህ ሲጠፋ እኮ ነው። «እልም ያለ በረሃ»፣ «እልም ያለ እንቅልፍ» የምንለውም ማዶው ስለማይታይ ነው። አቤቱታ ላይ ግን አይሆንም። «እብስ አለ»ንና «ላጥ አለ»ንማ አታስጠጋ፣ የሰው ብር ይዞ የሮጠ ታስመስለዋለህ።

መልስ፦ የቀድሞ ሬጅስትራር
ቃል ከምትመርጡ ሕጉን ክፈቱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሁሉ መጥፋቱ እንዲወሰን ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል ይላል። ስለዚህ «ጠፋ» በቂ ነው። ዳኛው የሚፈልገው ወሬው የተቋረጠበትን ቀን ነው፤ እሱ ከሌለ ያማረ አማርኛ ምንም አይሠራልህም። አቤቱታው የሚገባውም ሰውየው በመጨረሻ ይኖርበት በነበረው ቦታ ላለው ፍርድ ቤት ነው። እንዲህ በለው፦ «ባለቤቴ በዚህ ቀን ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ከዚያ ወዲህ ያለበት አይታወቅም፣ ወሬውም አልተሰማም።»

የራፖር ቤቱ ልጅ
ዋላሂ ይሄ ነው! አንድ ነገር ብቻ፦ ከሄደ በኋላ አንዴ ከጅቡቲ ደውሎላቸው ነበር አሉ። ከወጣበት ልቁጠር ከደወለበት?

የቀድሞ ሬጅስትራር
ከደወለበት። የመጨረሻው ወሬ እሱ ነው። ጥሪውን አትደብቅ፣ ቀኑን ጠይቀህ እዚያው አቤቱታው ላይ አስፍረው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ካልሞላ ይጠብቁ።