ዓመቱ ሲያልቅ በቤታችሁ ምን ተለወጠ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጳጉሜ ገባች። እንቁጣጣሽ ሐሙስ፣ መስከረም 1 ቀን 2018 ነው፤ ማቴዎስ ወጥቶ ማርቆስ ሊገባ ነው።

እዚህ አገር ዓመት ሁለቴ ያልቅብናል። የፈረንጁ ዲሴምበር የገንዘብ መዝጊያ ነው፤ ኦቨርታይሙ፣ የኢንሹራንስ ምዝገባው፣ ከዚያ የታክሱ ወረቀት። የቤተሰቡ ዓመት ግን የሚዘጋው በጳጉሜ ነው። ልጆቹ አዲስ ክፍል የገቡት ከኦገስት መጨረሻ ወዲህ ነው። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ሒሳባችንን የምንሠራው በነዚህ ቀናት ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ የሚባል የለም። ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን ተዛውሬ የሌሊት ጭማሪው ቀርቶብኛል። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ደግሞ አገር ቤት ያለው ዘመድ ዶላራችን የበዛ ይመስለዋል፤ የዘይቱና የጤፉ ዋጋ መውጣቱን ራሱ እየነገረን።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በልጃችን በኩል ነው። 12 ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛው ከሁላችን ቀድሞ የገባት እሷ ስለሆነች፣ ገና አንደኛ ደረጃ እያለች የቤቱ ጸሐፊ ሆና ነበር። የመብራቱ ቢል፣ የአከራይ ደብዳቤ፣ የባንክ ስልክ፣ ሁሉም በሷ ያልፋል። እንግዳ ሲመጣም “ታድላችሁ፣ እንዲህ ያለች ልጅ!” ይባላል። የወላጅ ስብሰባ ላይማ ጉድ ነበር። አስተማሪዋ ሐተታዋን ስትደረድር ቆይታ ስትጨርስ፣ የኛዋ “ጎበዝ ናት ነው የምትለው” ብላ ትዘጋዋለች።

የካቲት ላይ ባለቤቴ ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘና ሐኪም ዘንድ ቀረበች። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ያስተረጎመችው ልጅቷ ናት። ናሙና ተወስዶ ይታይ ነው የተባለው፤ ኋላም ደህና ሆኖ ተገኘ፣ ተመስገን። ውጤቱ እስኪመጣ ግን ልጅቷ እንቅልፍ አጣች። የእናቷን ነገር ከእናቷ ቀድማ የሰማችው እሷ ናት። ምን ያህሉን ልንገራት፣ የቱን ልተወው ብላ የመረጠችውም እሷው። ከዚያ በኋላ “ከእንግዲህ ሐኪም ቤት አልሄድም” አለችን። ቁርጥ አድርጋ።

ባለቤቴ መጀመሪያ የፈራችው አስተርጓሚውን ነው። “አበሻው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢሆንስ?” አለች። ፍርሃቷ እውነት አለው። ግን አስተርጓሚ ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው፤ በስልክ የሚቀርበው ደግሞ ከሌላ ስቴት ሊሆን ይችላል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ “አማርኛ” በሉ። የኛ ካውንቲ፣ ሞንትጎመሪ፣ ትምህርት ቤቶችም ለወላጅ ከሚልኩት ወረቀት ብዙውን በአማርኛ ያወጡታል።

አሁን ልጅቷ ልጅ ሆናለች። ክፍሏን አታጸዳም፣ በር ታላትማለች፣ ለሁሉም ነገር “ለምን?” ትላለች። ባለቤቴን ያናድዳታል። እኔን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኛል። ድሮ ለማኩረፍም ጊዜ አልነበራትም። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ባንክ ደውዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛ መጨቃጨቅ ለምጃለሁ። እሷ ሶፋው ላይ ተጋድማ ሰዋስዌን እያረመች ትስቅብኛለች።

እናንተስ ዘንድሮ?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

ጋሼ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። እኔም ያደግኩት እንደ ልጅዎ ነው፤ አሁን ነርስ ነኝ። በሁሉም ግን አልስማማም። ቢል ማንበብና ደብዳቤ መተርጎም እኔን አልጎዳኝም፤ እንዲያውም ሰው ፊት መናገር የለመድኩት በዚያ ነው። አባቴም “ያለሷ ቤቱ አይቆምም” ሲል ደስ ይለኝ ነበር። ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት ግን ለልጅ አይሆንም፤ እዚያ ላይ ልጅዎ ልክ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ ላይ ያለው አስተርጓሚ የሚለው ካልገባዎ “ሌላ ሰው ይቀየርልኝ” ማለት ይችላሉ። ይሉኝታ ይዟቸው ያልገባቸውን “እሺ፣ እሺ” እያሉ የሚወጡ የኛ ሰዎች አያለሁ። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ ሳያውቁ!

ከዱባይ፦

ሰላም ወንድሜ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ለኛ ዓመት የሚያልቀው ኮንትራት ሲያልቅ ነው፤ እንቁጣጣሽም ሥራ ነው። የ9 ዓመት ልጄ ደሴ ከእናቴ ጋር ናት። እናቴን “እማ” ትላለች፣ እኔን በስሜ ትጠራኛለች። መጀመሪያ አቃጥሎኝ ነበር። ዘንድሮ ተውኩት፤ ያሳደገቻት እሷ ናት።

የተለወጠው ስልኩ ነው። ከአገር ቤት ልዩነታችን አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ በዕረፍት ቀኔ በቪዲዮ እንገናኝና መጽሐፏን ታነብልኛለች። “በላሽ? ጠጣሽ?” ብቻ ከመባባል ይሻላል። ስታነብ ትሳሳታለች፣ እኔ አርማታለሁ፣ ትቆጣለች። ያኔ እናቷ እንደሆንኩ ይሰማኛል።

ኮንትራቴ ጥር ላይ ያልቃል። ላድስ ወይስ ልግባ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እህቴ፣ አድሺ ወይም ግቢ ብዬ ከዚህ ሆኜ አልፈርድብሽም። የዱባዩን ሕግ የሚያውቅ ካለ ይምከራት።

ከአቡ ዳቢ፦

እኔ ልመልስ። በኤምሬቶች የቤት ሠራተኛ በዓመት 30 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። ለፈቃድ አገር ቤት ስትገባም የደርሶ መልስ ቲኬቱ በሁለት ዓመት አንዴ የአሠሪ ነው። ልታድሺ ከሆነ፣ ከመፈረምሽ በፊት በየትኛው ወር እንደምትሄጂ ተነጋገሪ። የልጅሽን የክረምት ዕረፍት ጠብቂና ሐምሌን ጠይቂ። “በኋላ እንነጋገራለን” ካሉሽ አትፈርሚ።