ወሬው ሲቀድመን የዘጋቢው ድርሻ ምንድን ነው?

ጠያቂ (ከደሴ)፦
በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ በዘጋቢነት እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሰው ወሰደ የሚል ወሬ ከምስል ጋር በቴሌግራም ተሠራጨ። ምስሉ የሌላ አገር ጎርፍ መሆኑን እስካጣራ ድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ዜናውን ስናሰማ ግን ሰዉ ተጨንቆ ዘመዱን ፍለጋ ወጥቶ ነበር። ጋዜጠኛው «በር ጠባቂ» ነው፣ ማለትም የትኛው ወሬ ለሕዝብ እንደሚያልፍ የሚወስን ነው፣ ተብለን ተምረናል፤ አጥሩ በፈረሰበት ግቢ በር መጠበቅ ምን ይረባል?

መላሽ (ከኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ አሜሪካዊው የጋዜጠኝነት አጥኚ ዴቪድ ማኒንግ ዋይት በ1950 እ.ኤ.አ. «በር ጠባቂ» ብሎ ያጠናው አርታኢ ከዜና ወኪሎች ከሚደርሰው ብዙ ወሬ ጥቂቱን መርጦ ሌላውን የሚጥል ሰው ነበር፤ እርሱ የጣለውን የጋዜጣው አንባቢ አያየውም። ዛሬ የጣልነው ሁሉ በእጅ ስልክ ይገባል፤ ስለዚህ ሥራችን የገባውን መመርመር ሆኗል። ጥፋቱም ማጣራትህ ሳይሆን ጣቢያው ሁለት ሰዓት ዝም ማለቱ ይመስለኛል። «ይህን ሰምተናል፣ ከቀበሌው እየጠየቅን ነው» ማለት ይቻል ነበር።

መላሽ (ከወልድያ)፦
በዚህ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። በእኛ አካባቢ «ሬዲዮ ተናገረ» ከተባለ፣ «ገና አልተረጋገጠም» የምትለው ቃል ገበያ ሳትደርስ ትቀራለች፤ ስለዚህ የሞት ወሬውን ሳያነሡ የወንዙን ሁኔታ ብቻ መናገር ይሻላል። ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል ግን ወሎ ያውቀዋል፤ ረሃባችን ከመንግሥት ዜና ተሸሽጎ ቆይቶ ዓለም በሰፊው ያወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ባቀረበው ዘገባ ነው። ያው ፊልም ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የረሃቡ ምስል እውነት ነበር፤ ቅንብሩ ግን ደርግ ሕዝቡን ለማግሥቱ ያዘጋጀበት ነበር። ምስሉ እውነተኛ ነው ብሎ ማቆም የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ማን፣ ከምን ጋር፣ ለምን እንዳጋጠመው መጠየቅም የዘጋቢው ሥራ ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ክረምቱ ሳይገባ በወንዙ ዳር ካለው ከእያንዳንዱ ቀበሌ የሁለት ሰዎችን ስልክ መዝግበን እንድንይዝ ለአርታኢዬ አቀርባለሁ። ወሬው ሥርጭት ከቆመ በኋላ በሌሊት ቢነሣ ግን በጣቢያው የቴሌግራም ገጽ ላይ ማን ይወስን?