የዶርም ጣሪያ ውሃ ለመጸዳጃ ቤት፣ ደሴ

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዶርሙ ደሴ ያለ ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ ጣሪያው ግራና ቀኝ የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ 40 በ12 ሜትር። 300 ተማሪ ይኖርበታል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ አራት ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ታስቧል። ይበቃል? አሸንዳውስ? ግቢው ተዳፋት፣ አፈሩ ዋልካ ነው።

ቦርከና፦
1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ለፍንጣሪና ለትነት 20 በመቶ ይቀንሱ። 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 480 × 25 × 0.8 = 9,600 ሊትር፤ አንድ ሮቶ ሞላ ማለት ነው። ስለ መሙላቱ አብሽር፣ ጭንቁ ፍጆታው ነው። 300 ተማሪ በቀን ሦስት ጊዜ 6 ሊትር ቢያፈስ 5,400 ሊትር ይሄዳል፤ አራቱም ሮቶ ሳምንት ቢያደርሱ ነው። ደግሞም ዋናው ዝናብ የሚጥለው ሐምሌና ነሐሴ፣ ተማሪው ሲወጣ ነው። ስለዚህ የዘወትር ውሃ አድርገው አይቁጠሩት፤ ነሐሴ መጨረሻ ሞልቶ፣ ተቆልፎ፣ ቧንቧ ለሚጠፋበት ቀን ይቆይ። በልጉ ከመጣ ይጨምራል፤ የወሎ በልግ ግን አንዳንዴ ስለሚቀር አይመኩበት።

ቆርቆሮና ቧንቧ፦
የአሸንዳው አፍ (የውስጥ ወርዱ በጥልቀቱ ሲባዛ) ለ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከመሃል ወደ ሁለቱም ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካደረጉት አራት መውረጃ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ የሚቀበለው የ120 ካሬ ውሃ ነው። 12 በ10 ሳንቲ ሜትር ይበቃ ነበር፣ በረዶ ስለሚጥል ግን 15 በ12 ያድርጉት፤ ማንጠልጠያውም በየ60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። መውረጃው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ።

በጋውን የተከማቸው አቧራና የወፍ ኩስ ሮቶ እንዳይገባ፣ በየመውረጃው 60 ሊትር ያህል የመጀመሪያ ውሃ በርሜል ውስጥ ይቅር። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ የበርሜሉ ማፍሰሻ ቧንቧ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ በርሜሉ ሞልቶ ይቀርና የሚቀጥለው ቆሻሻ ውሃ በቀጥታ ሮቶ ይገባል። በአንድ ቀን እንዲጎድል ጠብ ጠብ እያለ ይተው።

ሐይቅ መንገድ፦
የሞላ ሮቶ 10 ቶን ነው፣ ዋልካ ደግሞ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ዋልካውን አውጥተው በገረጋንቲ (ጠጠራማ የሙሌት አፈር) ይሙሉ፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይጠቅጠቅ። ከላይ 15 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሳንቲ ሜትር።

የሚተርፈውን ውሃ ጉድጓድ ቆፍረው አያስርጉት! ደሴ መሬት የሚንሸራተትባት ከተማ ናት፤ በድንጋይ ቦይ እስከ ዋናው ማፋሰሻ ይድረስ። ውሃው አይጠጣም፤ ከከተማው መስመር ጋርም በቀጥታ አይገናኝ።

ጦሳ ሥር፦
አራቱን ከሥር በአንድ ቱቦ ማገናኘት ይቻላል? የላይኛውና የታችኛው ጥግ 1.5 ሜትር ይበላለጣል።

ቆርቆሮና ቧንቧ፦
አይሆንም፤ የላይኞቹ ሳይሞሉ የታችኞቹ ይፈሳሉ። ሁለት ሁለቱን እኩል ከፍታ ላይ አስቀምጠው ያገናኙ፣ የላይኞቹ ትርፍ ወደ ታችኞቹ ይግባ። ለእያንዳንዱ ሮቶ የራሱ ጌት ቫልቭ ይኑረው፤ አንዱ ቢያፈስ ሌላውን ይዞት እንዳይሄድ።