ስፒች ክላስ፦ ድሮፕ ላርገው ወይስ ልቻለው? ሲለበሱ (የኮርሱ ደንብና እቅድ ያለበት ወረቀት) እንቅልፍ ነሳኝ

ገና_ነርስ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው የምማረው፣ ነርሲንግ ለመግባት የሚያስፈልጉትን ኮርሶች እየጨረስኩ ነው፣ አናቶሚ ወስጃለሁ ማይክሮባዮሎጂ ወስጃለሁ አንዱም እንደዚህ አላስፈራኝም። ፐብሊክ ስፒኪንግን ሁሌ "የሚቀጥለው ሴሚስተር" እያልኩ ስገፋው ቆይቼ ይኸው መጣ። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪዋ አስራ አንድ ገጽ ሲለበስ አደለችን፣ እኔ ነርሲንግ ሆም ኦቨርናይት ነው የምሰራው፣ ሽማግሌዎቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ባላነበብኩት ኖሮ!

አራት ስፒች አለ፣ እያንዳንዱ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ፣ ካነሰም ካለፈም በየ30 ሰከንዱ ነጥብ ይቆረጣል። ማንበብ የለም፣ የምትይዢው አንድ ኢንዴክስ ካርድ ብቻ ነው። በስፒችሽ ቀን ከቀረሽ ዜሮ፣ ሜካፕ (ሌላ ቀን ማካካሻ) የለም፣ ማስረጃ ያለው ድንገተኛ ነገር ካልሆነ። የሌላ ተማሪ ስፒች ቀን መቅረትም ያስቀጣል፣ አርፍደሽ ከመጣሽ ደግሞ ውስጥ ሰው እየተናገረ ከሆነ በር ላይ ቆመሽ ጭብጨባ እስክትሰሚ ትጠብቂያለሽ። አይን ለአይን መተያየት ብቻውን 15 ነጥብ አለው፣ እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲያናግረኝ መሬት መሬት እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ቀና ካልኩ "ምን ታፈጪብኛለሽ" ነበር የምባለው። አሁን 15 ነጥብ ሆኖ መጣ።

ትልቁ ጣጣ ግን ሌላ ነው። ክላሱ ረቡዕና አርብ ነው፣ ሦስተኛው ስፒች ዴሞንስትሬሽን ነው (አንድ ነገር እንዴት እንደሚሰራ ማሳየት)፣ እኔ ቡና ማፍላት ብዬ ተመዘገብኩ፣ ቀኔ የወጣው አርብ ኤፕሪል 10። ካሌንደር ሳይ ስቅለት! ከክላስ በኋላ ጠጋ ብዬ "ያ ቀን የኢስተር አርብ ነው" አልኳት፣ ስልኳን አየት አድርጋ "ኢስተርማ ኤፕሪል 5 ነው፣ ያኔ ያልፋል" አለችኝ። ምን ልበል፣ ኦኬ ብዬ ወጣሁ። ኦኬ ያልኩት ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ስቅለት ቀን ስግደቱ ቀርቶ ጾም አፌን ሰው ፊት ቆሜ ቡና ላፍላ? እናቴ ብትሰማ።

ድሮፕ አድርጌ ኦንላይን ልውሰደው? ወይስ እንዴት ብዬ ላስረዳት? ጀበና ክላስ ይዞ መግባትስ ይቻላል?

የሌሊት_ሹፌር፦

እህቴ ኦንላይን ይቀላል ብለሽ እንዳትሸወጂ፣ እኔ ተሸውጄ ነው የምነግርሽ። ፊት ለፊት ሰው የለም ብዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ፣ ሲለበሱ ላይ ግን ቪዲዮው ውስጥ አምስት ታዳሚ መኖር አለበት፣ ሁሉም ከ18 ዓመት በላይ፣ ካሜራው መጀመሪያ ታዳሚውን ያሳይና ሳይቋረጥ ወደኔ ይዞራል፣ ከራስ እስከ እግር መታየት አለብኝ ይላል። አምስት ሰው በአንድ ሰዓት ከየት አመጣለሁ፣ ሁሉም ሺፍት ላይ ነው። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ምሳ አብልቼ ነው የያዝኳቸው። አክስቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፣ ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር "ጎሽ የኔ ልጅ!" ትላለች፣ እንደገና። ሁለተኛው ላይ የአንዱ ስልክ ጮኸ፣ እንደገና። ስድስት ጊዜ ነው የተቀዳው፣ ስድስተኛው ላይ አክስቴ ራሷ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። በዛ ላይ የመጀመሪያውን ስፒች ስቀዳ ስላሳለኝ ሳሉን ብቻ ቆርጬ አውጥቼ ላኩ፣ ፕሮፌሰሩ የተቆረጠበትን ቦታ በሰከንድ ጠቅሶ ዜሮ ሰጠኝ። ኤዲት አይፈቀድም፣ ሲለበሱ ላይ ነበር፣ አላነበብኩትም። ካምፓስ ላይ አንዴ ተናግረሽ አንዴ ይለቅልሻል።

ዝም_ባይ፦

ጣዪው ባክሽ። ደብልዩ (ኮርሱን አቋርጣለች የሚል ምልክት) ይሁን፣ ጂፒኤ አይነካም፣ ሰመር ላይ ቀላል አስተማሪ ፈልገሽ ትወስጂዋለሽ። ለምን ትጨናነቂያለሽ።

ቾክ_የጨረሰ፦

ከላይ ያለው ወንድሜ እውነት ብሏል ግን ግማሹን ነው የነገረሽ። ደብልዩ ጂፒኤ ባይነካም ፋይናንሻል ኤይድ የምታገኚ ከሆነ እንደሞከርሽው ክሬዲት ይቆጠራል፣ ብዙ ኮሌጅ ከያዝሽው ክሬዲት 67 ከመቶውን ማለፍ አለብሽ ይላል፣ ደብልዩ ከዛ ላይ ይበላል። ሬፈንድ ያለበት የድሮፕ ቀን ገና ካላለፈ ነገሩ ሌላ ነው፣ ካሌንደሩን እዪ።

እኔ እዚሁ አሜሪካ ስፒች አስተምራለሁ፣ አድጃንክት (ቋሚ ያልሆነ አስተማሪ) ነኝ፣ ሁለት ኮሌጅ እየተመላለስኩ። ያስፈራሽ ሁሉ እኔም የምጽፈው ነገር ስለሆነ ለምን እንደሚጻፍ ልንገርሽ፣ ምክንያቱ ሲገባሽ አስተማሪዋን እንዴት እንደምታናግሪም ይገባሻል። 24 ተማሪ አለኝ እንበል። እያንዳንዱ 7 ደቂቃ ሲናገር 168 ደቂቃ ነው፣ በመሀል እኔ ነጥብ የምሞላበት ቀጣዩ ደግሞ ፓወርፖይንቱን የሚከፍትበት ሁለት ሁለት ደቂቃ ሲጨመር 216። ክላሱ 75 ደቂቃ ነው፣ ሦስት ቀን 225። ለሦስት ቀን በሙሉ የምትተርፈኝ ዘጠኝ ደቂቃ ናት። አንዱ ለራሱ ሁለት ደቂቃ ቢጨምር፣ ሌላው ቢቀርና "ሰኞ ላቅርብ" ቢል፣ ሰልፉ ፈረሰ። ለዛ ነው ዜሮ የሚለው ቃል እንደዛ ደምቆ የተጻፈው፣ ክፋት አይደለም። ታዳሚነት የሚቆጠረውም ባዶ ወንበር ፊት ስፒች ስለማይደረግ ነው፣ አንቺ በምትናገሪ ቀን አስራ ሁለት ሰው ቢቀር ምን ይሰማሻል።

ስለ ስቅለት። ስህተትሽ መጠየቅሽ አይደለም፣ በቃል፣ ከክላስ በኋላ፣ ሰው ቦርሳውን እያነሳ መጠየቅሽ ነው። በ2026 እሷ የምታውቀው ኢስተር በርግጥም ኤፕሪል 5 ነው። የኛ ፋሲካ ኤፕሪል 12 ነው፣ ሚያዝያ 4። በ2025 ሁለቱም ኤፕሪል 20 ላይ ስለገጠሙ ማንም አላስተዋለም፣ በ2027 ደግሞ የነሱ ማርች 28 የኛ ሜይ 2 ነው፣ ከወር በላይ ይራራቃል። ይሄን ካልነገርሻት ከየት ታውቃለች? ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፊ። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ የኛ ቤተክርስቲያን የምትከተለው የቀን አቆጣጠር የተለየ ስለሆነ ስቅለት ዘንድሮ ኤፕሪል 10 ይውላል፣ ቀኑን ሙሉ ቤተክርስቲያን ነኝ፣ ረቡዕ ኤፕሪል 8 ወይም 15 ካለ ሰው ጋር ብቀያየር ይፈቀድልኛል ወይ፣ በቃ። ይቅርታ አይብዛበት፣ አራት መስመር ይበቃል። ከመጻፍሽ በፊት የሚቀያየርሽ ተማሪ ካገኘሽማ ስሙን ጨምሪው፣ ሰልፉ ስለማይፈርስ እምቢ የምትልበት ምክንያት አይኖራትም። ሲለበሱ መጨረሻ ላይ፣ ማንም የማያነበው ገጽ ላይ፣ ስለ ሃይማኖት በዓል አንድ አንቀጽ ሳይኖር አይቀርም፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በጽሁፍ አሳውቁ ነው የሚለው። ፈልጊው። በሳምንቱ ዋዜማ የሚመጣብኝን ተማሪ እኔም ልረዳው ብፈልግ ቦታ የለኝም።

አይን ለአይን ላልሽው፣ ማንም አፍጥጪ አላለሽም። ግራ፣ መሀልና ቀኝ ላይ ፊቱ የሚፈካ አንዳንድ ሰው ምረጪና አንድ ሀሳብ ለአንዱ ጨርሰሽ ወደ ሌላው ዙሪ። አይን ማየት ከከበደሽ ግንባሩን እዪ፣ ከሩቅ ልዩነቱ አይታወቅም። አክሰንትሽ ነጥብ አያስቆርጥም፣ የሚያስቆርጠው መፍጠንና ድምጽ መዋጥ ነው። የኛ ልጆች ላይ ሁሌ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ወጥተው ገና ሳይጀምሩ "ይቅርታ እንግሊዝኛዬ ጥሩ አይደለም፣ ብዙም አልተዘጋጀሁም" ይላሉ። ለኛ ትህትና ነው። ለሰሚው ግን "አትስሙኝ" ማለት ነው፣ መግቢያሽን ራስሽ ገደልሽው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አራተኛው ስፒች ማሳመን መሆኑ አይቀርም፣ እዛ ላይ አላን ሞንሮ የሚባል የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰው በ1930ዎቹ ያወጣው ባለ አምስት ደረጃ አካሄድ ይሰጡሻል። እንዳትደነግጪ፣ እሁድ እሁድ ሰምተሽዋል። ለህንጻ ገንዘብ የሚያሰባስበውን ሰውዬ አስቢው፣ መጀመሪያ "እስቲ አንድ ጊዜ ቀና በሉ" ይልሻል፣ ጣራው ያፈስሳል ይላል፣ ይሄን ያህል ብናዋጣ ይሰራል ይላል፣ ልጆቻችሁ እዚህ ሲቀድሱ ይታያችሁ ይላል፣ ከዛ "አሁኑኑ፣ ከወንበራችሁ ሳትነሱ!" ሞንሮ ይሄው ነው።

ሦስት_ስኒ፦

ቡናዋን ለኔ ተዉልኝ፣ ሜሪላንድ ስማር ይሄንኑ ነው ያቀረብኩት።

ጀበና ይቻላል፣ እሳት አይቻልም። ክሰል፣ ስቶቭ፣ እጣን ማጨስ፣ ሁሉም ክልክል ነው፣ የጭስ አላርም አለ፣ ህንጻው በሙሉ ውጭ ወጥቶ ሲቆም አስቢው። ሌሎቹም ክልክል ነገሮች አሉ (አልኮል፣ መሳሪያ፣ ህይወት ያለው እንስሳ፣ በኛ ክላስ አንዱ እባብ አመጣለሁ ብሎ ተጣልቷል)። እኔ ቡናውን በሦስት ፌስታል አመጣሁ፣ አንዱ ጥሬ፣ አንዱ ግማሽ የተቆላ፣ አንዱ የተቆላ፣ ያፈላሁትን ደግሞ በፔርሙዝ። መቁላቱን በፌስታሎቹ አሳይቼ፣ ውሃው ሲፈላ ምን እንደሚመስል አስረድቼ፣ መጨረሻ ላይ ከፔርሙዙ ወደ ጀበናው ገልብጬ ከላይ ቀዳሁ፣ ክፍሉ በሙሉ "ዋው" አለ። የተበላሸብኝ ነገር ፈንዲሻውን መሀል ላይ ማደሌ ነው፣ ሁሉም ወደ ፈንዲሻው ዞሮ የሚሰማኝ ጠፋ፣ ፕሮፌሰሩም ወረቀቱ ላይ ጻፈብኝ። የሚበላ ነገር ካለ ስትጨርሺ ነው የሚታደለው። እቃውንም ከጅምሩ ጠረጴዛ ላይ አትደርድሪ፣ ሲፈለግ አውጪው።

ምንጭ ደግሞ በአፍ መጥራት አለ፣ ማን እንደጻፈው መቼ እንደወጣ እየተናገርሽ። የካልዲንና የፍየሎቹን ነገር እንደ ታሪክ አውርቼ "ሶርስ?" ተብያለሁ። አፈ ታሪክ ነው ብለሽ ጀምሪው። አረቢካ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ መነሳቱን ግን በምንጭ ማምጣት ትችያለሽ።

ስድስት_ኪሎ፦

እናንተ በደህና ቀን ተማሩ። እኛ ጋ ፕሬዘንቴሽን ማለት ስምንት ሰው ግሩፕ ሆኖ አንዱ ጎበዝ ይናገራል፣ ሰባታችን ከኋላው ተደርድረን ቆመን ጭንቅላት እንነቀንቃለን። ግሬዱ ለስምንታችንም እኩል። አይን ኮንታክታችን ከጫማችን ጋር ነበር።

ገና_ነርስ፦

ተባረኩ ሁላችሁም፣ መምህር በተለይ እርስዎን እግዜር ይስጥልኝ። ያሉኝ ገጽ ላይ አገኘሁት፣ ገጽ 9፣ ከፓርኪንግ ደንቡ በታች፣ የሃይማኖት በዓል በሁለት ሳምንት ውስጥ በጽሁፍ ይላል፣ እኔ ዘጠነኛው ቀን ላይ ነኝ። አንድ የሳልቫዶር ልጅ ረቡዕ ኤፕሪል 8 ነበረው፣ በደስታ ተቀያየረኝ፣ ሁለት ቀን ስላተረፈ። ኢሜይሉን ላኩ፣ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጽፌ ሁለቱን አጠፋሁ። ማታውኑ መለሰችልኝ፣ "አመሰግናለሁ፣ ሁለት ኢስተር እንዳለ አላውቅም ነበር፣ ተፈቅዷል" ብላ፣ ከታች ደግሞ እሁድ ምን እንደምንበላ ጠይቃኛለች።

ግን ሌላ ጉድ። ትላንት ከስራ ስወጣ ፓርኪንግ ላይ መኪናዬ ውስጥ ስልኬ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ ከፍቼ ስፒቹን ለመኪናው መሪ አቀረብኩለት፣ 8 ደቂቃ ከ40 ሆነ። ከአቦል እስከ በረካ በሙሉ ነው ያለው። ምኑን ልቁረጥ?

የሌሊት_ሹፌር፦

በረካውን ቁረጪው።

ሦስት_ስኒ፦

እረ በፈጣሪ! በረካ አይቆረጥም። መቁላቱን አሳጥሪ፣ ግማሽ የተቆላውን ፌስታል ተዪው፣ ጥሬና የተቆላ ይበቃል።

ቾክ_የጨረሰ፦

ካልዲ ይውጣ። ፍየሎቹን ይዞ።