ጥያቄ፦ እህቴ የሲቢቲ የቤት ሥራዋን ቀደደችው፣ ነገ ጠዋት ቀጠሮ አላት፣ ምን ላድርግ?

ታላቅ ወንድም፦
ሰላም፣ ቶሎ የምትመልሱልኝ ካላችሁ። እህቴ ለድባቴ ሲቢቲ፣ ማለትም ሐሳብንና ድርጊትን እየመረመሩ የሚሠሩበትን የንግግር ሕክምና ጀምራለች። ሳይኮሎጂስቷ ያንን ክስተት፣ ሐሳብ፣ ስሜት፣ ማስረጃ እያለ የሚሞላውን ወረቀት ሰጥታት ነበር። ዛሬ ማታ «ሐሳብ» የሚለው ጋ «ለማንም አልጠቅምም» ብላ ጻፈች። «ይህን የሚቃወም ማስረጃ» የሚለው ጋ ስትደርስ ባዶውን ሳጥን ዝም ብላ ስታየው ቆየችና ቀደደችው። እኔም የሠራችውን ደግ ነገር ሁሉ እየቆጠርኩ ብነግራት ጭራሽ ባሰባት። በሯን ዘግታለች፣ ነገ አልሄድም ትላለች። ምን ልበላት?

ጥላ ከለላ፦
አይዞህ ወንድሜ። ከሁሉ በፊት ግን ራሷን ስለማጥፋት አስባ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቃት። መጠየቅህ ሐሳቡን አያመጣባትም። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዋት፣ መድኃኒቱንና ስለቱን ከአጠገቧ አርቅ፣ ነገን ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።

አንባቢው፦
ሲቢቲን በደንብ መረዳት ያስፈልጋል። አሮን ቤክ የሚባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በድባቴ የታመሙ ሰዎችን ሲያክም፣ ስለ ራሳቸው፣ ስለ ዓለምና ስለ ወደፊቱ ሳያስቡት ብልጭ የሚሉባቸው ክፉ ሐሳቦች እንዳሉ አስተዋለ። ሕክምናው እነዚህን ሐሳቦች እየያዙ እውነት ናቸው ወይ ብሎ መመርመር ነው። እህትህም ይህን ከገባት...

ፀሐይ ትውጣ፦
ጠዋት ተነስታ ትንሽ ትራመድ። ልቧ እስኪፈቅድ አትጠብቁ። መጀመሪያ እግር ይንቀሳቀሳል፣ ስሜቱ ቀስ ብሎ ይከተላል።

ቀና ሰው፦
እኔም የምለው እሱኑ ነው፣ ወጣ ትበል።

ሞገደኛው፦
ወንድም፣ ይቅርታና ጥያቄህ ራሱ አልተዋጠልኝም። ወረቀቱ አለመሞላቱ ምኑ ነው ችግሩ? ሲቢቲ ፈተና አይደለም። ደግሞም «ደግ ደጉን አስብ» ማለት አይደለም። አንተ ማስረጃ በደረደርክ ቁጥር እሷ ለዚያ ክፉ ሐሳብ ጠበቃ ትሆናለች። ሥራው እሷ ራሷ እንድትመረምረው ነው፣ እሱም ትንሽ ፋታ ስታገኝ። ዛሬ ማታ ክርክሩን ተወው። «በጣም ከብዶሽ ነበር አይደል?» በላትና አጠገቧ ተቀመጥ።

ሳቂታዋ፦
ወረቀት የቀደደ እጅ ጉልበት አለው። እሱም በማስረጃነት ይመዝገብላት!

ታላቅ ወንድም፦
ጠየቅኳት። «እንደዚያ አላሰብኩም፣ ደክሞኛል» አለችኝ። መድኃኒትም ትወስዳለች፣ ሐኪም ያዘዘላት።

መድኃኒት ይሻላል፦
ታዲያ መድኃኒት ካለ ወሬው ምን ያደርጋል?

ጥላ ከለላ፦
ወሬ አይደለም። ድባቴው ሲጠና ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡ ከአንዱ ብቻ የተሻለ ይረዳሉ። መድኃኒቱንም ያለ ሐኪም እንዳታቋርጥ። ፀሐይ ትውጣ ስለ መንቀሳቀስ ያለው ደግሞ ዝም ብሎ ምክር አይደለም፣ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የሳይኮሎጂስቱ የኒል ጃኮብሰንና የባልደረቦቹ ጥናት ሲወጣ፣ ሐሳቡን ሳይነኩ እንቅስቃሴውን፣ ማለትም የዕለት ተዕለት ሥራን ቀስ በቀስ መልሶ መጀመርን ብቻ የተከታተሉት ሕመምተኞች ሙሉውን ሲቢቲ ካገኙት ጋር ተቀራራቢ ለውጥ አሳይተዋል። ስለዚህ የሐሳብ ወረቀቱ አሁን ከከበዳት ሳይኮሎጂስቷ ለጊዜው ከዚያ በኩል ልትጀምርላት ትችላለች። ግን ይህን የምታውቀው እህትህ ሄዳ ስትነግራት ነው። ነገ ስለ ሕክምናው ሁሉ አታውራ። ፊቷን ትታጠብ፣ ልብስ ትቀይር፣ አብረሃት ውጣ። በአካል መሄድ ካቃታት በስልክ ይሆን እንደሆነ ጠይቁ።

ታላቅ ወንድም፦
እሺ። የተቀደደውን ወረቀት አጣብቄ ይዤላት ልሂድ?

ሞገደኛው፦
አታጣብቀው። መጀመሪያ እሷን ጠይቃት። አልፈልግም ካለች አንተ ለሳይኮሎጂስቷ እንዳታቀብልባት። «ማስረጃው ጋ ስደርስ አቃተኝ» ካለች ይበቃል፣ ያንን ሳጥን ቀጠሮው ላይ አብረው ይሞሉታል።