«የተዛባ ፕሮቲን» ወይስ «ቅርጸ ልቅ ፕሮቲን»?

ሀሌታ፦ «ኢንትሪንሲካሊ ዲስኦርደርድ ፕሮቲን» የሚለው «በውስጡ የተዛባ ፕሮቲን» ተብሎ ተተርጉሞ አነበብኩ። የታመመ ፕሮቲን ማለት ነው? የተሻለ አማርኛስ ይገኝለታል?

ቤተ ሙከራ፦ የታመመ አይደለም። «ተዛባ» የምንለው ቀድሞ ደህና የነበረውን ነው። አብዛኞቹ ኢንዛይሞች ተጣጥፈው የታወቀ ቅርጽ ይይዛሉ፤ የእነዚህ ሰንሰለት ግን በጤነኛ ሕዋስ ውስጥም ሳይታጠፍ፣ ቅርጹን በየቅጽበቱ እየለወጠ ይኖራል። መንስኤው የአሚኖ አሲዶቹ ስብጥር ነው። ፕሮቲን የሚታጠፈው ውኃ የሚሸሹት እነ ሉሲን፣ ቫሊንና ትሪፕቶፋን ወደ መሐል ሲሰበሰቡ ነው። ባልታጠፉት ላይ ግን ውኃ ሸሾቹ ጥቂት ናቸው፤ ፕሮሊን፣ ግሉታሜት፣ ሰሪንና ላይሲን ይበዛሉ።

ሰዋስው፦ እንግዲያው ስሕተቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው። «በውስጡ» ሥፍራን ያመለክታል፤ እዚህ የተፈለገው ግን ከራሱ የሆነ፣ ከውጭ ያልመጣ ማለት ነው። ለዚህ ሊቃውንቱ ከ«የጸጋ» ለይተው የሚናገሩት «የባሕርይ» የሚለው ቃል ልክክ ይላል። እንቁላል ሲቀቀል የነጩ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን የሚያጡት በሙቀት ነው፤ የባሕርያቸው አይደለም። «ቅርጸ ቢስ»ንም አልወደውም፤ «ቢስ» ዕድለ ቢስ፣ ምግባረ ቢስ እንደምንለው ነቀፋ አለበት። «ቅጥ አምባሩ የጠፋ»ማ ጭራሽ አይሆንም። «ገና ያልታጠፈ» ብንለውስ?

ቤተ ሙከራ፦ «ገና» ኋላ መታጠፉ እንደማይቀር ያስመስላል። አንዳንዶቹ አጋር ሲያገኙ ይታጠፋሉ፣ እውነት ነው። ፕሮቲሞሲን አልፋና ሂስቶን ኤች 1 የተባሉት ሁለት ፕሮቲኖች ግን እጅግ አጥብቀው ተያይዘውም ሁለቱም ልቅ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ይህን ያሳየው ጥናት በ2018 ታትሟል። የሚያያይዛቸው የአንዱ አሉታዊ የሌላው አዎንታዊ ቻርጅ ነው፤ የቅርጽ መግጠም አያስፈልጋቸውም።

ሀሌታ፦ ቅርጽ ከሌላቸው ታዲያ ለሕዋሱ ምን ይሠሩለታል?

ቤተ ሙከራ፦ ፒ27ን እንውሰድ። 198 አሚኖ አሲድ ያለው፣ የሕዋስ ክፍፍልን የሚገታ ፕሮቲን ነው። ክፍፍሉን የሚያስኬዱት ሳይክሊን ኤና ሲዲኬ2 (ፎስፌት ለጣፊ ኢንዛይም) የተባሉት ጥንዶች ላይ ሲያርፍ በከፊል ይታጠፋል፤ አንዱ ቁራጩም የሲዲኬ2ን የሥራ ኪስ ይደፍናል። ክፍፍሉ እንዲቀጥል ሲፈለግ ሌላ ኢንዛይም 88ኛው ታይሮሲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ ያ ቁራጭ ከኪሱ ይወጣል። ቀጥሎ ሲዲኬ2 ራሱ የፒ27ን 187ኛ ትሪዮኒን ፎስፌት ያደርግበታል፤ ይህም ፒ27 እንዲፈርስ ምልክት ነው። ሰንሰለቱ ግትር ቢሆን ኖሮ ሌሎች ኢንዛይሞች እንዲህ በቀላሉ አይደርሱበትም ነበር። ስለዚህ «ሥርዓት አልባ» የሚለውንም አልቀበልም፤ የጠፋው ቋሚ ቅርጽ እንጂ የሥራው ሥርዓት አይደለም።

ሰዋስው፦ «ተለዋዋጭ ቅርጽ»?

ቤተ ሙከራ፦ ሄሞግሎቢንም ኦክስጅን ሲይዝና ሲለቅ ቅርጹን ይለውጣል፤ ግን በታወቁ ቅርጾች መካከል ነው። መለየት አለብን። እኔ «ቅርጸ ልቅ» እላለሁ።

ሰዋስው፦ «ልቅ» የሥነ ምግባር ወቀሳ አለበት፣ «ልቅ ንግግር» እንደሚባለው። ሆኖም ከ«ቅርጸ» ጋር ሲናበብ ያ ስሜት ይለዝባል። ተስማምቻለሁ።

ቤተ ሙከራ፦ የቃሉ ምርጫ ሥራ ላይም ለውጥ አለው። ባለ 140 አሚኖ አሲዱ ቅርጸ ልቅ ፕሮቲን፣ አልፋ ሲኑክሊን፣ ሲጣራ እሱን እንዲያመርት የተደረገውን ባክቴሪያ ጭማቂ 100 ዲግሪ ገደማ ለ10 ደቂቃ ማፍላት፣ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በሴንትሪፊውጅ ማሽከርከር የተለመደ ነው። ሌሎቹ ይረጋሉ፤ እሱ ላይኛው ፈሳሽ ውስጥ ይቀራል፤ ሙቀቱ የሚያፈርስበት ቅርጽ የለውምና። ከመፍላቱ በፊት ግን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች በቀላሉ ስለሚበሉት ማገጃ መጨመርና መፍጠን ያስፈልጋል። ክብደቱ 14.5 ኪሎዳልተን ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ፕሮቲኖች በክብደታቸው በሚለዩበት ጄል ላይ ከዚያ የከበደ መስሎ ይታያል፤ ይህን አይቶ የተሳሳተ ፕሮቲን ነው ብሎ መጣል አይገባም። ትሪፕቶፋን ስለሌለውም በ280 ናኖሜትር የሚመጠው ብርሃን ትንሽ ነው፤ መጠኑ ሲሰላ በአራቱ ታይሮሲኖች ብርሃን የመምጠጥ አቅም፣ ማለትም በ5,960 (በሞላር በሴንቲሜትር) መሆን አለበት።

ለሀሌታ የመጀመሪያ ጥያቄ ደግሞ፦ በፓርኪንሰን በሽተኞች አንጎል ውስጥ የሚከማቸው አልፋ ሲኑክሊን በሥርዓት ተደርድሮ ክር የሠራው ነው። «የተዛባ» የሚለው ቃል አንባቢውን በትክክል ተቃራኒው ጎን ያቆመዋል።

ሀሌታ፦ ፕሮቲኑ ግማሹ የታጠፈ፣ ግማሹ ልቅ ቢሆንስ?

ቤተ ሙከራ፦ እንዲህ ያሉት ብዙ ናቸው፤ ፒ53 አንዱ ነው። ያንን ክፍል «ልቅ ክልል» ብንለው ይበቃል። የፕሮቲንን ቅርጽ በሚተነብየው በአልፋፎልድ ፕሮግራም ምስል ላይ የመተማመኛ ነጥቡ ከ50 በታች ሆኖ በብርቱካናማ የሚታየው ረጅም ክር ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ የተሣለበትን ቅርጽ ግን እንደ እውነተኛ ቅርጽ አትውሰዱት።