ከሉክሶር አስዋን በመርከብ፦ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ይሆናል?

መንገደኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ታኅሣሥ ላይ እናቴን ይዤ ግብፅ ልሄድ ነው። ከሉክሶር ተነስቶ አስዋን የሚደርስ የአራት ሌሊት መርከብ አይቻለሁ። ፎቶው ሁሉ ያምራል፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ትጠላለች፣ ግን አንዴ "እሄዳለሁ" ካለች የሚመልሳት የለም።

መርከቡ ይወዛወዛል እንዴ? ላይኛው ወለል ላይ ላለ ክፍል ጨምሩ እየተባልን ነው፤ ያዋጣል? ደግሞስ አራት ሌሊት ሙሉ ውሃ ላይ አይሰለችም? የሄዳችሁ እውነቱን ንገሩኝ፤ የማስታወቂያ ወሬ ጠግቤያለሁ።

የወንዝ ዳር

እህቴ፣ እኔ ባለፈው ጥር ከባለቤቴና ከአማቴ ጋር ሄጄ ነበር። አማቴም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በሌላው በሌላው ግን ጉልበተኛ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄሽ ገብቶኛል።

መወዛወዙን እርሺው። ወንዝ እኮ ነው፤ ስኒ ውስጥ ያለ ሻይ እንኳን አይነቃነቅም። አማቴ መርከቡ መነሳቱን ያወቁት ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ አይተው ነው።

ወለሉን ከመምረጥሽ በፊት ግን ሻጩን አንድ ነገር ጠይቂው፦ መርከቡ በቀን ብርሃን ስንት ሰዓት ይጓዛል? ከሉክሶር አስዋን በወንዙ ወደ 215 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ለአራት ሌሊት ስታካፍይው መርከቡ አብዛኛውን ጊዜ ዳር ላይ ታስሮ ነው የሚውለው። የእኛው የመጀመሪያውን ሌሊት ንቅንቅ አላለም። አንዳንዱ ደግሞ ቀን ይቆምና ሌሊት ይሄዳል። ለመንገዱ ከፍለሽ መንገዱን ተኝተሽ ታልፊዋለሽ።

ሉክሶር ላይ መርከቦቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ነው የሚቆሙት። እኛ ከዳር አራተኛ ነበርን። መሬት ለመርገጥ የሦስት መርከብ እንግዳ መቀበያ ማቋረጥ ነበረብን። አንዱ እብነ በረድ፣ አንዱ ቀይ ምንጣፍ፣ ሦስተኛው ሽቶ ሽቶ የሚሸት። አማቴ በየደረሱበት "ጤና ይስጥልኝ" እያሉ ያልፋሉ። ሠራተኞቹ በሁለተኛው ቀን መልመድ ጀመሩና እጅ መንሳት ሆነ።

"የወንዝ ዕይታ" ተብሎ ጨምረን የከፈልንበት መስኮትስ? መጋረጃውን ስገልጥ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ሌላ መስኮት አለ። እዚያ ውስጥ ነጭ ካናቴራ የለበሰ ሰውዬ ጥርሱን ይቦርሻል። በብሩሹ ሰላም አለኝ። እኔም ሰላም ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁ። ጎረቤት መርከቡ ጄነሬተሩን ሲያስነሳ ደግሞ ጭሱ ወደኛ ይመጣል። ስለዚህ ለዕይታ ብለሽ ብዙ አትጨምሪ። ዕይታው ላይኛው ሰገነት ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ የሁሉም ነው።

ክፍሉን መካከለኛው ወለል ላይ ያዢ፣ ከሞተሩ ራቅ ያለውን። ታችኛው ወለል ላይ መስኮቱ ከውሃው ብዙም አይርቅም፣ ድምፁም አለ። በጣም ላይኛው ደግሞ ማታ ሙዚቃው ከራስሽ በላይ ነው። አሳንሰር አለው ወይ ብለሽም ጠይቂ። የሌላቸው አሉ። የእኛው አለኝ ብሎ ነበር፤ ስንደርስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። አማቴ በቀን ስድስት ጊዜ ደረጃ ወጡ፣ ስድስት ጊዜም እኔን አዩኝ።

ይሰለቻል ወይ ላልሽው፣ እስና እስክትደርሱ ጠብቂ። እዚያ ወንዙ ላይ ግድብ አለ፣ መርከብ የሚያልፍበት ጠባብ የውሃ በርም አለው። መርከቡ ይገባል፣ ከኋላው በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ይሞላል፣ እንደ አሳንሰር ቀስ ብሎ ሽቅብ ይወጣል። (ይኼኛው አሳንሰር ይሠራል።) ግድግዳው በእጅ የሚነካ ይመስላል። ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ እኛ ሰዓታት ቆመናል።

ወረፋ ላይ እያላችሁ ነጋዴዎቹ በትንንሽ ጀልባ ቀዝፈው መርከቡ ጎን ይለጠፋሉ። የጠረጴዛ ልብስ፣ ጀለቢያ፣ ሻርፕ በላስቲክ ጠቅልለው ከታች እስከ ሰገነቱ ይወረውራሉ። ካልፈለግሽ መልሰሽ ትወረውሪያለሽ። ከወደድሽ ብሩን እዚያው ላስቲክ ውስጥ ከተሽ ትለቂለታለሽ። አማቴ ቋንቋውን አይችሉም፤ በጣት ብቻ ነው የተከራከሩት። አንዱን ሰማያዊ ጀለቢያ ሦስት ጊዜ መለሱበት፣ ሦስት ጊዜ መልሶ ወረወረው። አራተኛው መዋኛ ገንዳው ውስጥ ገባ። ሰውዬው ከታች ራሱን ይዞ ጮኸ። እሳቸው እንደራሩለት አስመስለው በግማሽ ዋጋ ወሰዱት። የሰገነቱ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጀለቢያው አሁንም ውሃ ሲነካው ቀለሙን ይለቃል።

ቀጥሎ ኤድፉ ነው። ሆረስ የሚባለው የጥንት ግብፅ አምላክ መቅደስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ237 ተጀምሮ በ57 ያለቀ። ለዘመናት በአሸዋ ተቀብሮ ሰው ጣሪያው ላይ ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር፤ እንዲህ ደህና ሆኖ የቆየውም ለዚህ ነው። ከመርከቡ እስከዚያ በፈረስ ጋሪ ትሄዳላችሁ። ዋጋውን ከመውጣታችሁ በፊት ቁረጡ። ከወረዳችሁ በኋላ ሌላ ዋጋ ይወለዳል።

ከኤድፉ ኮም ኦምቦ ያለውን ቁራጭ በቀን የሚሄድ መርከብ ካገኘሽ እሱን ያዢ። ከሰዓቱን ሙሉ ወንበር ላይ ቁጭ ነው። ዳርና ዳር ቴምርና ሸንኮራ፣ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ የገባ ጎሽ፣ እጁን የሚያውለበልብ ሕፃን። አረንጓዴው እንደ መቀነት ቀጭን ነው፤ ከኋላው ወዲያው በረሃ። ባለቤቴ መጽሐፍ ይዛ ወጥታ አንድ ገጽ አልገለጠችም።

ኮም ኦምቦ መቅደሱ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው፣ ለሁለት አማልክት የተሠራ፣ ሁሉ ነገሩ መንታ መንታ። አንዱ አምላክ ሶቤክ፣ አዞ ነው። አጠገቡ ያለው ሙዚየም ውስጥ የደረቁ አዞዎች ተደርድረዋል። ግቢው ውስጥ ደግሞ የናይልን ሙላት የሚለኩበት ክብ ጉድጓድ አለ። አስጎብኚው ጎርፉ በየክረምቱ ይመጣ እንደነበረ ሲያስረዳ አማቴ "ከየት ይመጣል መሰለህ? ከእኛ አይደል!" አሉ። ተረጎምኩለት። ሳቀና እጃቸውን ጨበጠ።

ሸራ ወጣሪ

ወንድሜ የጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ዳሃቢያ ነው። በሸራ የምትሄድ፣ ጥቂት ክፍል ያላት ጀልባ ናት። ነፋሱ ከሰሜን ይነፍሳል፣ ወንዙ ወደ ሰሜን ይፈሳል። ስለዚህ ወደ አስዋን ሽቅብ ስትሄጂ ነፋሱ ይገፋሻል። ነፋስ ከጠፋ ትንሽ የሞተር ጀልባ ትጎትታለች። የምትነሳው ብዙ ጊዜ ከእስና ነው፣ ወረፋውም አያገኛትም። ትልልቆቹ ዝም ብለው የሚያልፉት ጀበል ሲልሲላ ላይም ትቆማለች፤ የጥንት መቅደሶች ድንጋይ የተፈለጠበት ቦታ ነው። ጉዳቷ ውድ ናት። አሳንሰርም ብሎ ነገር የለም፤ ወደ መሬት መውረጃዋም አንዳንዴ አንድ ሳንቃ ብቻ ነው።

የወንዝ ዳር

ሳንቃው ላይ አማቴን አሰብኳቸው። ይቅርብን።

ቆጣቢው

አቡ ሲምበል የሚባለውን መቅደስ አትርሱ፣ ግን ለእናትሽ አስቢበት። ከአስዋን ወደ 280 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ተነስቶ በመኪና መሄድ፣ በዚያው ቀን መመለስ። መቅደሱ ግን ጉድ ነው። የአስዋን ግድብ ሲሠራ እንዳይሰጥም ብለው ከ1964 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ቆራርጠው 65 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ገጣጠሙት። ካልቻሉ ፊሌ የሚባለው መቅደስ ይበቃል። እሱም ከሰጠመው ደሴት ተነቅሎ ሌላ ደሴት ላይ የተተከለ ነው፣ ለአስዋን ቅርብ። የሚደረሰው በትንሽ ጀልባ ስለሆነ ሲሳፈሩ እጃቸውን የሚይዝ ሰው ይኑር። ጃኬትም ያዙ፤ ታኅሣሥ ላይ ሰገነቱ ማታ ይበርዳል።

መንገደኛዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ኤጀንቱን የቀን ጉዞውን ስጠይቀው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ "አጣርቼ እደውላለሁ" አለኝ። ሌላኛው ግን የየቀኑን ሰዓት ጽፎ ላከልኝ፣ ከኤድፉ ኮም ኦምቦም በቀን ነው። መካከለኛው ወለል ላይ ያዝኩ። አሳንሰሩ ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ላክልኝ አልኩት፤ ላከልኝ!

ይህን ሁሉ ለእናቴ አነበብኩላት። መቅደሱን ተወችና "ያ የሚወረወረው በስንተኛው ቀን ነው?" ብቻ አለችኝ።

የወንዝ ዳር

የእኛ በሁለተኛው ቀን ነበር። ሰገነቱ ላይ ቀደም ብላችሁ ቦታ ያዙ። ገንዳው አጠገብ አይሁን።